የሱሱን ረግረግ አሜከላና የክትር ሥራ ታሪክ

አሜከላ ሲባል ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የሚጥለው እሾሃም አረም ትዝ ይለናል። በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የሱሱን ረግረግ የሚበቅለው ግን ሌላ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፤ የሚበቅለውም የባሕር ሙላት በሚያረጥባቸው ትናንሽ ቦዮች ዳር ነው። ከዚህ ረግረግ በቀር የትም አይገኝም። የዚያው አውራጃ ተወላጅ የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ዊሊስ ጄፕሰን በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲርሲየም ሃይድሮፊለም ሲል ሰየመው፤ ትርጉሙም «ውኃ ወዳድ» ነው።

ስያሜው በተሰጠበት ዘመን ግን ውኃው እየተነጠቀ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ባለርስቶች ረግረጉን በአፈር ክትር እየከበቡ፣ ውኃውን እያጠነፈፉ ወደ እርሻና ግጦሽ መለወጥ ያዙ። ጨው እርሻውን ሲያሸንፈው አብዛኛው መሬት ወደ ዳክዬ አዳኞች ክበቦች ተዛወረ። ክትሩ ግን አልፈረሰም፤ እንዲያውም ተጠናከረ። በኋላም ወደ ረግረጉ የሚወርደው የወንዝ ውኃ ለመስኖና ለከተሞች ሲጠለፍ ጨዋማነቱ ባሰ። ስለዚህ በ1988 በሞንቴዙማ ቦይ ላይ በሮች ተሠሩ፤ ባሕሩ ሲጎድል ጣፋጩን ውኃ ያስገባሉ፣ ሲሞላ ጨዋማውን ይመልሳሉ። በሙያ ዓይን ሲታይ የሚያስቀና ሥራ ነው።

አሜከላው በዚያን ጊዜ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1989 እንደገና ሲገኝ የተገኘው የባሕሩ ሙላት እንደ ጥንቱ በሚገባበት፣ ክትር ባልዞረበት ቅሪት ረግረግ ነው። በ1997 የአሜሪካ መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፀዋት መካከል አስመዘገበው። እኔም የውኃ ማጠንፈፊያ ንድፍ ስሠራ ከፍታ፣ ተዳፋትና የአፈር ዓይነት እጽፋለሁ፤ የበቀለውን ተክል ስም ግን ጽፌ አላውቅም።

ዛሬ «ክትሩን አፍርሶ ውኃውን መመለስ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለብዙ ዓመታት የደረቀ የረግረግ አፈር ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል። ክትሩ በተከፈተ ጊዜ ዝቅ ያለውን መሬት የሚሸፍነው ረግረግ ሳይሆን ሐይቅ ነው። አሜከላው ውኃ ወዳድ ቢባልም ጠልቆ አይኖርም፤ የሚሻው ከፍተኛው ሙላት ብቻ የሚደርስበትን ቦታ ነው። ያን ከፍታ ደለል ቀስ በቀስ እስኪሠራው ድረስ ደግሞ የባሕሩ ወለል ራሱ እየጨመረ ነው።