የሚከፍለው ደመወዝ ስላጣው ሸንጎ

አሥራ ሦስቱ የአሜሪካ አገሮች በእንግሊዙ ንጉሥ በሣልሳዊ ጊዮርጊስ ላይ ባመፁ ጊዜ ባንድነት ሊቆሙ ተማከሩ። በ1777 በወርኀ ኅዳር (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) የአንድነታቸውን ውል ጻፉ፤ ሜሪላንድ ግን በምዕራቡ መሬት ነገር ስትከራከር ቆይታ ውሉ የጸናው በ1781 በመጋቢት ነው።

ሰዎቹም ንጉሥን ከመፍራታቸው የተነሣ ለአሥራ ሦስቱ የጋራ ሸንጎ ስም ሰጥተው ኃይል ነሡት። ጦር ያውጃል፣ ይዋዋላል፣ ይበደራል፤ ማስገበር ግን አይችልም። ገንዘብ ሲያሻው ለአሥራ ሦስቱ ይጽፋል፤ የወደደ ይሰጣል፣ ያልወደደ ዝም ይላል። ብዙዎቹም ዝም አሉ። ውሉን ለማሻሻል የአሥራ ሦስቱም ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና፣ በሚገባው ዕቃ ላይ ከመቶ አምስት ቀረጥ ይጣል ቢባል ከሁሉ የምታንሰው ሮድ አይላንድ እንቢ አለች፤ ነገሩም ቀረ። ሁለተኛ ቢሞከር ኒው ዮርክ አፈረሰችው። እንዲህ ያለ ሕግ ለመፍረስ ጠላት አያሻውም።

በ1783 በወርኀ ሰኔ ደመወዝ ያጡ ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ ሸንጎው የተቀመጠበትን ቤት ከበቡ። አጠገቡ ካሉት መጠጥ ቤቶች መጠጥ እየወጣላቸው ጠመንጃቸውን ወደ መስኮቱ እያነጣጠሩ ይሳደቡ ነበር። መማክርቱ የፔንሲልቫንያን ገዦች ጦር ጥሩልን ቢሉ እነርሱ አልጠሩም። ንጉሥን ያሸነፈው ሸንጎም ከገዛ ወታደሩ ሸሽቶ ፕሪንስተን ገባ፤ ይህን ሰምቶ የማይደነቅ ማን ነው?

ከዚህም በኋላ ማሳቹሴትስ የጦርነቱን ዕዳ ልክፈል ብላ በገበሬው ላይ ከባድ ግብር ጣለች። መክፈል ያቃተው ከብቱ ተነዳ፤ ባለዕዳውም ወኅኒ ወረደ። በ1786 ገበሬዎቹ ተነሥተው ፍርድ ቤቶችን ዘጉ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ በነጻነቱ ጦርነት ሻምበል የነበረው ዳንኤል ሼይስ ነበረ። በጥር 1787 ስፕሪንግፊልድ ወዳለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲገሠግሡ በመድፍ ተመቱ፤ አራት ሰዎችም ሞቱ። ግምጃ ቤቱ የሸንጎው ሲሆን ሸንጎው የሚያስጠብቅበት ጦር አልነበረውም። ዐመፀኞቹን ያሳደደውን ሠራዊት የቀለቡት የቦስተን ባለጠጎች ናቸው።

በዚያው ዓመት በግንቦት የአገሮቹ መልእክተኞች ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ፤ ጄኔራል ዋሽንግቶንም ሰብሳቢ ሆኑ። ውሉን አሻሽሉ ተብለው ተልከው ሳለ ሌላ ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ ለመጽናቱም የዘጠኝ አገር ፈቃድ ይበቃል አሉ። ሮድ አይላንድ መልእክተኛ አልላከችም። አዲሱንም ሕግ ከአሥራ ሦስቱ መጨረሻ ሆና የተቀበለችው በ1790 በግንቦት፣ በ34 ድምፅ ለ32 ነው።