ምክንያቱን የዘነጋ ወሬ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1774 የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሮበርት ማኬንዚ ከቦስተን ለጆርጅ ዋሽንግተን ደብዳቤ ጻፈ። ከዓመታት በፊት ፈረንሳዮችን በተዋጋው የቨርጂኒያ ሬጅመንት ማኬንዚ ሻምበል፣ ዋሽንግተን ደግሞ አዛዡ ነበሩ።

ወሬው አስደንጋጭ ነበር፦ የታጠቁ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች ይሸሻሉ፤ ጄኔራል ጌጅ ከተማዋን እያስመሸገ ነው፤ የሕዝቡም ግብ ፍጹም ነጻነት ነው።

ለመጀመሪያው አህጉራዊ ጉባኤ ፊላደልፊያ የነበረው ዋሽንግተን ኦክቶበር 9 ቀን መለሰለት። የቀድሞ ባልደረባውን የተቸው ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አልመረመርክም በማለት ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በዚያው ዓመት የቦስተንን ወደብ ዘግቷል፤ የማሳቹሴትስንም የራስ አስተዳደር መብት ገፍፏል። ነጻነትን የሚመኝ የለም፣ መብቱን አሳልፎ የሚሰጥም የለም፤ መንግሥት ነገሩን ካከረረው ግን በአህጉሩ ታይቶ የማያውቅ ደም ይፈሳል ሲል ዋሽንግተን አስጠነቀቀ።

ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፈተ። በጁላይ 1776 ማኬንዚ የፈራው ነጻነት ታወጀ፤ ዋሽንግተንም የነጻነቱ ጦር አዛዥ ነበር። ያልተመኘውን ነጻነት ያስመኘው ያልተመረመረው ምክንያት ነው።

ሕዝብ ታጠቀ የሚል ወሬ ቤተ መንግሥት ለመድረስ ፈጣን ነው። ለምን ታጠቀ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ከምሽጉ ውጭ ይቀራል።