ውል፥ ደርዝና መርከብ

የእንግሊዝ መርከበኞች ንጹሕና ሥርዓት የያዘውን ነገር ሁሉ «ሺፕሼፕ» ይሉታል፤ «መርከብ የሚመስል» ለማለት ነው። በጠባብ መርከብ ላይ ያልተጠቀለለ ገመድ ሰው ስለሚጥል ቃሉ ከሥራ የተወለደ ነው። «የብሪስቶል ወግ» የሚል ተቀጥላም አለው፤ የአሜሪካው መርከበኛ ዳና በ1840 ባሳተመው መጽሐፉ ይጠቀምበታል (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በብሪስቶል ወደብ ውሃው በየቀኑ እጅግ ከፍና ዝቅ ይል ስለ ነበር፥ ሲሸሽ መርከቡ በጭቃ ላይ ይጋደማል፤ ዕቃውን በደንብ ያላሰረ ባለመርከብ ያን ጊዜ ጉዱ ይወጣል ይላሉ። በ1809 ውሃው የማይሸሽበት ወደብ ተሠራ፤ አነጋገሩ ግን ቀረ። ሆላንዶችና ጀርመኖችም ቤት ማጽዳትን ሆነ የቆየ ነገር መጨረስን ከመርከብ ጋር አያይዘው ይናገራሉ። ፈረንሳዮች ግን አለባበሱ ያማረውን ሰው «በአራት ስፒል የተወጠረ» ሲሉ ወደ ልብስ ሰፊ ቤት ይሄዳሉ።

የጎንደር ደገኛም ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባሕር የለም፤ መርከብን ሰው የሚያውቀው ከኖኅ ታሪክ ነው። ስለዚህ ነገር ሲዘበራረቅ «ውሉ ጠፋ» እንላለን፤ ውል የልቃቂቱ ጫፍ ነውና፥ እርሱን ያጣች ፈታይ ቀኑን ሙሉ ትደክማለች። «ደርዝ ያለው» የምንለው ከስፌት መጣ። «ልቅም ያለ» ደግሞ ከሰፌድ ነው፤ ጠጠሩና እንክርዳዱ አንድ በአንድ የተለቀመለት እህል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ድካሙን በውስጡ ይዟልና።

ነገር ግን ከደጋው ወረድ ሲሉ ደንብያና ጎርጎራ፥ ከዚያም ጣና አለ። በዚያ ወይጦዎች ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። እስሩ የላላ ታንኳ ውሃ ቶሎ ይጠጣል፤ ደኅናውም ቢሆን በየጊዜው ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ሥራ የራሱ ቃል ሳይኖረው አይቀርም ነበር። ታዲያ ቃሉ ወዴት ሄደ?

ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ጎንደር ሳለ የወይጦዎች ቋንቋ ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ንጉሡ ሁለት ሰዎች አስጠርቶለት ነበር፤ በስቅላት እንኳ ቢያስፈራሯቸው አልመለሱም። (እንዲህ ባለ ምርመራ ማን ቃሉን ይሰጣል!) በ1907 ሚትቮክ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። በ1928 ግሪዮል አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ፤ ዘፋኙ ራሱ ከጉማሬ የአካል ክፍሎች ስም በቀር ትርጉሙን አያውቅም ነበር። ዘፈኑም አልተጻፈም።

ደገኛው ጉማሬ በላተኛ ናቸው እያለ ከወይጦዎች ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። ማዕድ በማይቆረስበት ቃልም አይሻገርም ብለን እንገምታለን። ከጓደኞቻችን መካከል ክረምቱን በጎርጎራ የሚያሳልፍ ቢኖር፥ ታንኳ ሠሪዎቹ ዛሬ የእስሩንና የቋጠሮውን ዓይነት ምን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቆ ጽፎ ቢያመጣልን እንወዳለን።