ፍላቮኖይድና የቆሽት ካንሰር፦ ከ1936 እስከ 2013



ዛሬ የማወሳው ፍላቮኖይድ የሚባሉት የዕፀዋት ውህዶች ከቆሽት ካንሰር ምርምር ጋር እንዴት እንደተገናኙ ነው። ታሪኩን የመረጥሁት፣ ተስፋ ከማስረጃ ሲቀድም የሚከተለውን ስለሚያሳየን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂና ባልደረቦቹ ከሎሚና ከቀይ ቃሪያ ያገኙት ንጥረ ነገር የጥቃቅን የደም ሥሮችን ግድግዳ እንደሚያጠነክር ገለጹ፤ «ቫይታሚን ፒ» ተብሎም ተሰየመ። ዳሩ ግን ለሕይወት የግድ አስፈላጊ ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። በ1950 የአሜሪካ የሥነ ሕይወት ኬሚስቶችና የሥነ ምግብ ምሁራን የስያሜ ኮሚቴ ስሙ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተሸሸገ አካል በመሆኑ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል። በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ጀምሲታቢን እንኳ ከቀድሞው መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ዕድሜ ያራዘመው በሳምንታት ነበር። በዚህ ጭንቀት መካከል ተመራማሪዎች ወደ ዕፀዋት ቢመለከቱ አያስደንቅም። መሣሪያውም በእጃቸው ነበር፤ በ1975 ከአንድ የ56 ዓመት ሰው ዕጢ የተወሰዱ ሴሎች «ፓንክ-1» በሚል ስም በቤተ ሙከራ መራባት ጀምረው ነበርና።

በ2013 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰለሪና በፐርስሊ ውስጥ የሚገኘውን አፒጀኒን በቆሽት ካንሰር ሴሎች ላይ ሞከሩ። ውህዱ ጂኤስኬ-3 ቤታ የተባለውን ኤንዛይም በመግታት ሴሎቹን ከሞት የሚከላከሉትን ጂኖች አዳከመ፤ ብዙ ሴሎችም ሞቱ። ከሁሉ ይልቅ የማተኩርበት ግን የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። ሴሎቹ አስቀድመው ፍላቮኖይድ ሲያገኙና ኬሞቴራፒው በኋላ ሲጨመር ውጤቱ በረታ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሰጡ ግን ፍላቮኖይዱ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስ እንደሚችል ታየ።

ይህ ሁሉ የሆነው በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ ነው። የበላነው አፒጀኒን ግን በአንጀትና በጉበት አልፎ ወደ ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። «ሰለሪ ካንሰርን ይገድላል» የሚል ወሬ የሰማ ቤተሰብ ይህን ርቀት ሊያውቅ ይገባዋል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው አትክልቱን እንደ ምግብ ይብላ፤ የተጨመቀውን እንክብል ከመዋጡ በፊት ግን ለሐኪሙ ይንገር። የ1936ቱ ስም ሲሻር የተጎዳ ሕመምተኛ ስለመኖሩ አልተነገረንም፤ ዛሬ ግን የሚሰጋው ለስያሜ ሳይሆን ለሕመምተኛው ሕይወት ነው።