ዕቃን ከፍቶ መማር፤ የናይሜኸን ተማሪዎችና የመጓጓዣው ካርድ

አንድ ዕቃ ውስጡ ሳይመረመር «አስተማማኝ ነው» ቢባል፣ ይህን ያመነ ሰው የሻጩን ቃል ሰማ እንጂ ዕቃውን አላወቀም። ዛሬ በበር መዝጊያው፣ በአውቶቡስ ሒሳብ መቀበያው፣ በሐኪም ቤት መሣሪያው ሁሉ ጥቃቅን ኮምፒዩተሮች ተቀብረው ይሠራሉ። የእነዚህም ጥንካሬና ድካም የሚታወቀው በንባብ ብቻ ሳይሆን በእጅ ከፍቶ በመመርመር ጭምር ነው። ይህን ለማስረዳት በሆላንድ አገር የሆነውን ታሪክ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1883 ስለ ወታደራዊ የምስጢር ጽሕፈት አንድ ጥናት በፈረንሳይኛ አወጣ። በዚህም፣ የምስጢሩ አሠራር በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ አይገባም፤ ሊደበቅ የሚገባው ቁልፉ ነው ሲል አስተማረ።

ይህ ትምህርት ከ100 ዓመት በኋላ ተዘንግቶ ተገኘ። በ1994 ማይፌር ክላሲክ የተባለ ቺፕ ለገበያ ቀረበ። ቺፑ በካርድ ውስጥ ሆኖ ከማንበቢያው ጋር በራዲዮ ሞገድ ይነጋገራል። የሎንዶን የኦይስተር ካርድና የሆላንድ የመጓጓዣ ካርድ በእርሱ ይሠሩ ነበር፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶችም በር መክፈቻ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ሠሪዎቹ ክሪፕቶ-1 የተባለውን የምስጢር ቀመር ደበቁት፤ ቁልፉም 48 ቢት ብቻ ነበር።

በዲሴምበር 2007 ካርስተን ኖልና ሄንሪክ ፕሎትስ በርሊን ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ቺፑን በቀጭን በቀጭኑ እየፋቁ ንብርብሩን በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ ማንሣታቸውን፣ ከሥዕሉም የቀመሩን አሠራር መረዳታቸውን ገለጹ።

በናይሜኸን ከተማ ያለው የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ፕሮክስማርክ በተባለ መሣሪያ ካርዱና ማንበቢያው የሚለዋወጡትን እየሰማ፣ መልእክቱን እየለወጠ መልሱን መረመረ። በጃንዋሪ 2008 ሩል ቨርዱልት የተባለ ተማሪ ለአጭር ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን የመጓጓዣ ቲኬት የሚመስል መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። በማርችም ቡድኑ የማይፌር ክላሲክ ካርድ ሊገለበጥ እንደሚችል አስታወቀ፤ አስቀድሞ ግን መንግሥትንና ፋብሪካውን አስጠንቅቆ ነበር።

ኤን.ኤክስ.ፒ. የተባለው የቺፑ ፋብሪካ ጥናቱ እንዳይታተም ከሰሰ። የአርንሄም ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 18 ቀን 2008 ክሱን አልተቀበለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከጽሑፉ ሳይሆን ጉድለት ያለበትን ቺፕ ሠርቶ ከመሸጥ ነው አለ። በኦክቶበርም ጥናቱ በእስፓኝ አገር በማላጋ ጉባኤ ቀረበ። «ካልደፈረሰ አይጠራም» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ድርጅቶች ካርዳቸውን በሚሻል ለወጡ።

«ይህ ሌባን ማስተማር አይደለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሌባ ያገኘውን ጉድለት ይደብቃል፤ ተመራማሪ ለባለቤቱ ያስታውቃል። ሌባ በሰው ንብረት ይደፍራል፤ ተማሪ የራሱን ወይም የተፈቀደለትን ዕቃ ይከፍታል። ስለዚህ የእጁ ጥበብና ግብረ ገብነቱ አብረው ሊሰጡት ይገባል።

የዚህ ትምህርት መጀመሪያም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካቻቢት፣ መበየጃና የኤሌክትሪክ መለኪያ የያዘ ተማሪ የተጣለ አሮጌ ዕቃ ከፍቶ መሥመሩን ይከተላል፤ ሠሪዎቹ ለሙከራ የተዉትን መገናኛ ይፈልጋል፤ በውስጡ የተጻፈውን ፕሮግራም ያነባል። እኛም ከሌላ አገር የሚመጣውን ዕቃ ሁሉ አምነን በበራችንና በኪሳችን የምናኖር ሰዎች ነንና፣ ጥቂቶቻችን እንኳ ውስጡን የምናውቅ እንድንሆን እንትጋ።