ዜና አውሎ ነፋሳት፦ ስም እንዴት እንደ ወጣላቸው

የእስፓኝ ቋንቋ በሚነገርባቸው የካሪቢያን ደሴቶች፣ ከባሕር ተነሥቶ ቤት የሚያፈርስና ሰብል የሚያጠፋ ብርቱ አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ በዕለቱ በሚታሰበው ቅዱስ ስም ይጠራው ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1876 ፖርቶ ሪኮን የመታው አውሎ «ሳን ፌሊፔ» ተባለ፤ ከ52 ዓመት በኋላም በ1928 በዚያው ዕለት ሌላ የባሰ ስለ መጣ፣ ስሙ ተይዞ ቢገኝ እንደ ነገሥታት ወግ «ዳግማዊ ሳን ፌሊፔ» ተሰኘ።

በአውስትራሊያ ደግሞ ክሌመንት ራግ የተባለ ሰው በ1887 የኩዊንስላንድ መንግሥት የአየር ጠባይ መርማሪ ሆኖ ተሾመ። እርሱም አስቀድሞ በግሪክ ፊደላት፣ ቀጥሎም በፓስፊክ ደሴቶች ሴቶች ስም አውሎዎቹን ሲጠራ ቆይቶ፣ በኋላ ያስቀየሙትን የፖለቲካ ሰዎች ስም ይሰጣቸው ጀመር፤ ዛፍ ነቅሎ መርከብ የሚሰብር ነፋስ በስሙ ሲጠራ የሚሰማ ሹም ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። በ1903 መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ልማዱም አብሮ ተቋረጠ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በፓስፊክ የነበሩ የአሜሪካ ጦር የአየር ጠባይ ተመልካቾች በሚስቶቻቸውና በወዳጆቻቸው ስም አውሎዎችን ይጠሩ ነበር። ምክንያቱም አውሎን በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ማለትም ስፍራን በሚለኩ የምድር መስመሮች ቁጥር ብቻ መለየት በሬዲዮ ሲነገር ስለሚያሳስት፣ ይልቁንም ሁለት አውሎ በአንድ ጊዜ ሲነሡ ስለሚያደናግር ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በ1953 የሴቶችን ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር አጸና።

ይህ ሥርዓት ሴቶችን ከጥፋት ጋር ያዛምዳል ብላ ሮክሲ ቦልተን የተባለች የፍሎሪዳ የሴቶች መብት ተሟጋች ተነሣች፤ በስማቸው ነገር ሲሰየም ደስ የሚላቸው የምክር ቤት ሴናተሮች ስለሆኑ አውሎዎቹ በእነርሱ ስም ይጠሩ ስትልም ጠየቀች፤ የራግ ቀልድ በሌላ አገር እንደገና የተነሣ ይመስላል። የሴናተሮቹ ስም ባይገባም የወንዶች ስም በ1978 በምሥራቅ ፓስፊክ፣ በ1979 በአትላንቲክ ገባ፤ በዚያው ዓመት ከባድ ጥፋት ያደረሱት ዴቪድና ፍሬድሪክም ከዝርዝሩ ለዘለዓለም ተሰረዙ።

ዛሬ የአትላንቲክ ስሞች በዓለም የሜትዮሮሎጂ ድርጅት ኮሚቴ ሥር በስድስት ዝርዝር ተከፍለው በየስድስት ዓመቱ ይመላለሳሉ፤ አውሎው ስም የሚያገኘው የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሲሆን፣ 119 ሲደርስ ሄሪኬን ይባላል። እንደ 2005ቱ ካትሪና እጅግ ያጠፋ ስም ዳግም አይወጣም።

በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ግን ስም ማውጣት የተጀመረው በ2004 ሲሆን፣ ስሞቹን በየተራ የሚያቀርቡት የአካባቢው አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ሶማሌላንድን የመታው፣ ዝናቡም እስከ ጅቡቲና እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የደረሰው «ሳጋር» ስሙን ያገኘው ከሕንድ ነው፤ ስም ከሚያወጡት አገሮች መካከል ሶማሊያም፣ ጅቡቲም፣ ኢትዮጵያም የሉም።