ደገኛውን ቆላ ምን አወረደው? የወባ ታሪክ ከሙጃ ቁልቁል

ሙጃ የግዳን ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ ከላስታ፣ በምሥራቅ ከራያ ቆቦ ይዋሰናል። ከግዳን ደጋ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲከዳው፣ ከታች ደግሞ የቆቦ ሜዳ ተዘርግቶ ያያል። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ማሽላና ጤፍ። ላይ ጋቢ ደራርበው የሚተኙበት ሌሊት፣ ታች ልብስ የሚከብድበት። ጎረቤቷ ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ቆቦ ከ1,500 ሜትር በታች ናት። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል፤ አየሩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ እጅግ ይዘገያል፤ ወይም ጨርሶ ይቆማል። ስለዚህ ደጋው በብርዱ ተጠብቆ ኖሯል። ቆላው ግን አልተጠበቀም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ቁጥሩ ከባድ ነው። ስለ አጎበር፣ ስለ ኬሚካል ርጭት፣ ስለ መድኃኒት አቅርቦትና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፤ ሁሉም ተገቢ ነው። አንድ ጥያቄ ግን በየጊዜው እየታለፈ ይቀራል። ወባ የማይደርስበት አገር ተወልዶ ያደገ ገበሬ በወባ የሚሞተው ለምንድን ነው? ሐኪሙ «ትንኝ ነክሳው ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሰውየው ትንኟ ካለችበት እንዴት ደረሰ የሚለውን ግን ማይክሮስኮፕ አያሳይም። እሱ የታሪክ ጥያቄ ነው።

የደጋ ሰው ቆላን የሚፈራው ዛሬ አይደለም። ለዚህ አንዱ ማስረጃ ራሱ ቋንቋው ነው። ወባ በቀድሞው አማርኛ «ንዳድ» ይባል ነበር፤ ሰውን እንደ እሳት የሚያነድ። ደጋውም የራሱ በሽታዎች አሉት፤ «ተስቦ» እና «ግርሻ»። ግርሻ የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትኩሳቱ ይለቃል፣ ታማሚው ዳነ ሲባል በቀናት ውስጥ ተመልሶ ያገረሽበታል። ሁለቱንም የሚያስተላልፋቸው የልብስ ቅማል ነው። ብርድ ልብስ ያስደርባል፤ የውሃና የሳሙና እጦት ልብሱን ሳይታጠብ ያቆየዋል፤ ችግር ደግሞ ሰውን በአንድ ጣራ ሥር ያጭቀዋል። ቅማል ከዚህ የተሻለ ኑሮ የላትም። እንግዲህ ደገኛ ከቤቱ ከተቀመጠ ተስቦና ግርሻ፣ ቆላ ከወረደ ንዳድ ይጠብቀዋል። አባቶች ይህንን ሥነ ሕይወት ሳይማሩ ያውቁት ነበር።

እውቀታቸው ምን ያህል ትክክል ነበር? መንስኤውን በተመለከተ ተሳስተዋል። ክፉ አየር ነው፣ የውሃ ዳር ጋኔን ነው፣ ዛር ነው ይባል ነበር። ከቆላ የተመለሰ ሰው ራሱን ሲያመው መጀመሪያ «ምች ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ይጨመቅለታል፤ ይህ ዛሬም አልቀረም። ቦታውንና ጊዜውን በተመለከተ ግን አልተሳሳቱም። በቀን ወርዶ አርሶ፣ አጭዶ፣ ገበያ ውሎ ወደ ደጋ ተመልሶ ማደር የብዙ አካባቢ ሥርዓት ነበር። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 እ.ኤ.አ. የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ከማየቱ በፊት የደጋው ገበሬ «ቆላ አትደር» የሚለውን ትእዛዝ ጨርሶ አውጥቶ ነበር። ምክንያቱን በጋኔን ቢያስረዳም ጥንቃቄው ሠርቷል። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ጋኔኑ ላይ ሲስቁ ጥንቃቄውንም አብረው መናቃቸው ያሳዝናል።

ይህንን ከቁም ነገር ቆጥረው ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ነው። ማካን በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያን ገጠር፣ ማለትም የሰሜን ወሎን ገበሬ፣ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ይከተላል። በዚያ ጥናት ረሀብ በድንገት የወረደ የሰማይ ቁጣ አይደለም። መሬት እየጠበበ፣ በሬ እየጠፋ፣ አንድ በሬ ያለው ከሌላው ጋር እየተቀናጀ ሲያርስ፣ በሬ የሌለው ደግሞ በጉልበቱ ለሰው ሲያርስ ድህነቱ ቀስ በቀስ ተከማችቷል። ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የግብርና ታሪክ ነው፤ ስለ ጤና ላሰበ አንባቢ ግን የበሽታ ታሪክ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ጥማድ የሌለው ደገኛ ነው ጉልበቱን ይዞ ቆላ የሚወርደው። በ2015 እ.ኤ.አ. ማካን ራሱ በቀጥታ ስለ ወባ ጻፈ፤ የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ «መንፈሶቹን ከዙፋን ማውረድ» የሚል ሐሳብ የያዘ ነው።

ምዕራብ ጎጃም ቡሬ ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ የታሪክ ሰውና የነፍሳት አጥኚ አንድ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚገኝ ያሳያል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቡሬ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ደረሰ። አስናቀው ከበደ፣ ማካንና ባልደረቦቻቸው ብዙ በቆሎ የሚዘራባቸውን ቀበሌዎች ጥቂት ከሚዘራባቸው ጋር ሲያነጻጽሩ ወባው በመጀመሪያዎቹ በብዙ እጥፍ በልጦ አገኙት። የትንኟ እጭ ኩሬ ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ትመገባለች፤ በዚያም ፈጥና ታድጋለች። የድሮው በቆሎ በእሸትነቱ ለክረምት ረሀብ የሚደርስ፣ ከጓሮ የማያልፍ ነበር። አዲሱ ምርጥ ዘር ግን ሰፊ ማሳ ይዞ፣ ዘግይቶ፣ ትንኟ በምትራባበት ወቅት ያብባል። ይህ ማለት በቆሎ ይነቀል ማለት አይደለም። የግብርና ቢሮው በምርት የመዘገበው ለውጥ ጤና ጣቢያው ላይ በትኩሳት መመዝገቡን ለማየት ግን ገበሬው ትናንት ምን ይዘራ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ደጋና ቆላን የለየው ድንበር አንድ ጊዜ በኃይል ፈርሷል። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባሉት ወራት ዝናቡ ከልኩ አልፎ፣ ሙቀቱም ከወትሮው ጨምሮ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣች። ወረርሽኙን ያጠኑት ፎንቴንና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ገምተዋል። ይህን ያህል ሕዝብ ያለቀው በሽታው ለደጋው ባዕድ ስለነበር ነው። ቆላ ተወልዶ በልጅነቱ በወባ ተደጋግሞ የተጠቃና የተረፈ ሰው ከፊል መከላከያ ያዳብራል፤ ደገኛው ያ የለውም። ብርዱ ዕድሜውን ሁሉ ስለጠበቀው ብርዱ ሲከዳው ባዶ እጁን ተገኘ። ከዚያ በኋላ፣ በ1959 እ.ኤ.አ.፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የተሸከሙ ረጪዎች በየመንደሩ መዞር ጀመሩ።

ቀጥሎ የሆነው ብዙ ጊዜ ከወባ ታሪክ ጋር አይነገርም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች በሑመራ ቆላ ተስፋፉ፤ በኋላም መተማ ተከተለች። እነዚህ እርሻዎች የራሳቸው በቂ ሠራተኛ አልነበራቸውም፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከደጋ ነው፤ ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከወሎ። አረሙ በሐምሌና ነሐሴ፣ የሰሊጡ አጨዳ በመስከረምና ጥቅምት ይደርሳል። የወባ ዋናው ወቅትም ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሥራው ወረርሽኙን ጠብቆ የሚጀምር ይመስላል። ቀን ሠራተኛው ሜዳ ላይ ወይም በላስቲክ ዳስ ያድራል። «ቆላ አትደር» የሚለውን የአያቱን ትእዛዝ ረስቶ አይደለም፤ ወደ ቤቱ ለመመለስ የብዙ ቀን መንገድ ስላለበትና የያዘው ገንዘብ የትራንስፖርት እንኳ ስለማይሆን ነው።

ከዚያ 1977 መጣ። በወሎ ረሀብ ላይ መንግሥት የሰፈራ ዘመቻ ጨመረበት፤ በሁለት ዓመት ግድም 600,000 ያህል ሰው ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተጓጓዘ፤ የሚበዛው ከወሎ ነበር። በካርታ ላይ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እዚያ ባዶ ለም መሬት፣ እዚህ ደረቅና የተጨናነቀ ደጋ። ካርታው ግን የሰውን ደም አያሳይም። ብርድ የለመደ፣ በረሀብ የተዳከመ ገበሬ በልጅነቱ ያልተዋወቀው ወባ ባለበት ጫካ ሰፈረ። አሉላ ፓንክረስት በወለጋ የሰፈራ መንደር ከሰፋሪዎቹ ጋር ኖሮ ያጠናው ሥራ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋሪው በፈቃዱ ሄደ ወይስ ተገዶ የሚለው በውጭ ሲያነታርክ እሱ ሰዎቹን ራሳቸውን ጠየቀ፤ መልሳቸውም ከሁለቱም ወገን ክርክር ይልቅ የተወሳሰበ ነበር። የጥናት ዝምድናም በቤተሰብ ይወረሳል መሰል፤ አባቱ ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ በመጽሐፍ ያሰባሰበ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ካለ የሊቦ ከምከምን ጉዳይ ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየመነመኑ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ ወባ ተባለ። የወባ መድኃኒት አልሠራ ሲል መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆነ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ እስከዚያ ድረስ በዚያ ደጋማ አካባቢ የማይታወቅ በሽታ። ተመራማሪዎቹ ምንጩን ሲከታተሉ ያመለከቱት ወደ ሑመራና መተማ ሄደው ወደሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ነው። ካላዛር በሑመራ እርሻዎች ከደጋ በመጡ ሠራተኞች ላይ መታየቱ ደግሞ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነበር።

መልሱ ከበሽተኞቹ መንደር ውጭ ያለ አልነበረም። ክረምቱን ማን የት ከርሞ እንደመጣ እያንዳንዷ እናት ታውቃለች፤ ልጇ በየትኛው ባለሀብት እርሻ እንደሠራ፣ ስንት ብር ይዞ እንደተመለሰ፣ ትኩሳቱ በየትኛው ሳምንት እንደጀመረው ሳይቀር። የደም ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ታሪኩ በየቤቱ ይነገር ነበር። ከግዳን ወደ ቆቦ ማሽላ አጨዳ፣ ከላስታ ወደ መተማ ሰሊጥ የሚወርደው ወጣትም ዘንድሮ ያው መንገድ ላይ ነው።